ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚቆጠር ዕድሜ

ጥያቄው፦ «የ68 ዓመት ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ሥር ነው። አሁን የምኖረው አራት ኪሎ ነው። በ1969 ዓ.ም. የ19 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በቀበሌያችን የውይይት ክበብ ሰው ሁሉ እያየኝ ማተቤን በጠስኩ። ‹እግዚአብሔር የለም› ብዬም ተናገርኩ። እስከ 1983 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልረገጥኩም። ከዚያ ተመለስኩ፤ ትዳሬንም በቁርባን አጸናሁ። ያችን ቀን ግን ለንስሐ አባቴ በግልጽ ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ጸሎቱ አፌ ላይ ነው፤ ልቤ የለም። ቅዳሴ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እነቃና የኖርኩትን ዕድሜ እቆጥራለሁ፤ ባዶ ይሆንብኛል። ስኳር ስላለብኝ ጾሙም አቅቶኛል። የድሮ ጎረቤቶቼ የፒያሳው ሰፈር ሲፈርስ ተበትነዋል። እምነቴ አልቋል ማለት ነው? ገዳም ገብቼ ልመንኩስ አስቤአለሁ። ምን ይሉኛል?»

ምላሽ፦ እምነትዎ አላለቀም። ያለቀ የመሰለዎት ብዙ ነገር በአንድ ስም ስለጠሩ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ የሚስት ሐዘን አለ። የታመመ ሰውነት አለ። ወደ 50 ዓመት የተጠጋ፣ በአፍ ያልወጣ ነገር አለ። የፈረሰ ሰፈርም አለ። እነዚህ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው። «እምነቴ አለቀ» ብለው አንድ ላይ ካሰሯቸው ግን የትኛውም አይፈታም። ሐኪም የሚያየውን በጸሎት ብቻ፣ ካህን የሚያየውን በእንቅልፍ ክኒን ብቻ ሊፈቱ ይሞክራሉ።

ከሰዓቱ ልጀምር። ቅዳሴ ላይ ቆመው ሰዓት ማየትዎ አሳፍሮዎታል። ይህ ነገር ግን ከእርስዎ አልጀመረም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤዋግርዮስ ልክ ይህንኑ ጽፏል። መነኩሴውን ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ድረስ የሚፈትነው መንፈስ አለ ይላል። ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል። ቀኑ 50 ሰዓት ይሆንበታል። ከበዓቱ ብቅ እያለ 9 ሰዓት ስንት እንደቀረው ያያል፤ የምግብ ሰዓታቸው 9 ሰዓት ነበርና። የእነሱ ሰዓት አቆጣጠር እንደኛው ከንጋት ስለሚጀምር፣ ለእኛ ሰው ይህ ትርጉም አያስፈልገውም። በጾም ቀን 7 ሰዓት ላይ ያለችውን ፀሐይ ሁላችንም እናውቃታለን።

ኤዋግርዮስ ቀጥሎ የሚለው ደግሞ የእርስዎን ሌሊት ይነካል። ይህ መንፈስ መነኩሴውን ዘመዶቹንና የድሮ ሕይወቱን ያስታውሰዋል። ወንድሞቹ እንደማይወዱት፣ የሚያጽናናው እንደሌለ ይነግረዋል። የቀረውን ዕድሜ አስረዝሞ፣ ድካሙንም አግዝፎ ያሳየዋል። በመጨረሻም «ተነሣና ከዚህ ሂድ» ይለዋል። አባቶች ይህን የቀትር ጋኔን ብለውታል፤ በመዝሙረ ዳዊት 90 ላይ የምናነበው ነው። ልብ ይበሉ፤ ኤዋግርዮስ ይህ የሚመጣው ሊክድ ባሰበ ሰው ላይ ነው አላለም። በቦታው በቆየ ሰው ላይ ይመጣል ነው ያለው።

ሌላ መታረም ያለበት ነገር አለ። ብዙዎቻችን በእምነት መጽናት ማለት የልብ ሙቀት ሳይቀንስ እስከ መጨረሻው መቆየት ይመስለናል። ቅዱስ ጳውሎስ «ሩጫውን ጨርሻለሁ፣ ሃይማኖቱን ጠብቄአለሁ» ያለበትን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 4 ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ጢሮአዳ የተወውን በርኖስ አምጡልኝ ይላል። መጻሕፍቱንም ይጠይቃል። ዴማስ ትቶኝ ሄደ ይላል። ከክረምት በፊት ቶሎ ናልኝ ብሎ ይለምናል። በርዶታል፤ ከሉቃስ በቀርም አብሮት ያለ የለም። ሃይማኖቱን ጠብቄአለሁ ያለው በዚያ ብርድ ውስጥ ሆኖ ነው። እኛ ግን አንዷን ጥቅስ ለይተን ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ከዚያ እንደሱ ስላልሆንን እናለቅሳለን።

አሁን ወደ ቁጠራው። በስተርጅና ዕድሜን መለስ ብሎ ማየት በሽታ አይደለም፤ የጃጀ ሰው ምልክትም አይደለም። ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህን የተፈጥሮ ሥራ ነው ብሎ አስረድቷል። ሰው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ያልተቋጨውን ለመቋጨት ወደ ኋላ ያያል። አንዳንዱን ወደ ሰላም ያደርሰዋል፤ አንዳንዱን ወደ ጭንቅ። ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ቁጠራው መቼና ከማን ጋር እንደሚደረግ ነው።

እርስዎ በተዛባ ሚዛን ነው የሚቆጥሩት። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ያረጀ ሰው ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ፣ በ10 እና በ30 ዓመቱ መካከል የሆነውን ከሌላው ዘመኑ አብልጦ እንደሚያስታውስ በጥናት በሚገባ ይታወቃል። የመጀመሪያው ፍቅር፣ የመጀመሪያው ሥራ፣ የመጀመሪያው ፍርሃት እዚያ ነው ያሉት። የእርስዎ 1969 እዚያው መሃል ላይ ወድቋል። ያቺ የክበብ አዳራሽ ከነወንበሯ ትታይዎታለች። ከ1984 ወዲህ ያሉት ከ30 የሚበልጡ ዓመታት ግን ተመሳስለው ተጣብቀዋል። ኪዳን አደረሱ፤ ልጅ አሳደጉ፤ ዕድር ከፈሉ፤ ታማሚ ጠየቁ። እንዲህ ያለ ቀን ጎልቶ አይታወስም። ስለዚህ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንዷ ቀን ከ30 ዓመት በላይ ትመዝናለች። በዚያ ላይ ያዘነ ልብ አሳዛኙን ነገር ቶሎ ያነሣል፤ ደስ ያለውን ቆፍሮ ማግኘት ያቅተዋል።

ያዕቆብን ያስቡት። ፈርዖን ፊት ሲቆም የ130 ዓመት ሰው ነው። ዕድሜህ ስንት ነው ሲባል ዘመኖቼ ጥቂትም ክፉም ሆኑብኝ አለ። ዘፍጥረት 47 ላይ አለ። ከዚያ ግብፅ 17 ዓመት ኖረ። ሊሞት ሲል፣ በ147 ዓመቱ፣ የዮሴፍን ልጆች ሲባርክ ደግሞ ዕድሜዬን ሁሉ እስከ ዛሬ የመገበኝ እግዚአብሔር፣ ከክፉ ሁሉ ያዳነኝ መልአክ አለ። በመካከሉ ያለፈው ሕይወት አልተቀየረም። ላባ ያታለለው ያው ነው። ራሔል በመንገድ ላይ የሞተችበት ያው ነው። በደም የተነከረው የዮሴፍ ቀሚስም ያው ነው። ፈርዖን ፊት የተናገረው ከ20 ዓመት በላይ ካለቀሰ በኋላ፣ ከረጅም መንገድ ደክሞ ገና እንደደረሰ ነው። በዚያ ቀን የሕይወቱን ፍርድ ጽፎ ቢዘጋው ኖሮ፣ ሁለተኛውን ቃል አንሰማም ነበር። እርስዎ ከሐዘን በሁለተኛው ዓመት ላይ ነዎት። ፍርድ የሚጻፍበት ጊዜ አይደለም።

ማተቡ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን በሚዛን መዛባት አላልፈውም፤ እርስዎም እንዳልፈው አይፈልጉም። የተናገሩት ነገር እውነተኛ ነው፤ መጠሪያም አለው።

ዘመኑን እናውቀዋለን። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው በ1971 ዓ.ም. የተገደሉበት ዘመን ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው በ1971 ተገድለዋል። የ19 ዓመት ልጅ ፈርቶ ማተቡን ቢበጥስ የሚደንቅ አይደለም። ምናልባት ግን አልፈሩም ይሆናል። ምናልባት በሙሉ ልብዎ አምነውበት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት። እንደሆነው ይናገሩት እንጂ በእኔ ማስተዛዘኛ አይሸፍኑት።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥያቄ በ1960ዎቹ አይደለም የጀመረችው። በ250 እ.ኤ.አ. በሮም ንጉሥ ዳክዮስ ስደት ጊዜ ለጣዖት የሠዉ ክርስቲያኖች በኋላ አልቅሰው ተመለሱ። ኖቫትያን የተባለው የሮም ካህን እነዚህን ፈጽሞ አንቀበልም ብሎ ተለየ። ቤተ ክርስቲያን ግን በንስሐ ተቀበለቻቸው። በ325 እ.ኤ.አ. ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት ደግሞ በ11ኛው ቀኖና ላይ የባሰውን ጉዳይ አዩ። ሳይገደዱ፣ ንብረታቸው ሳይነጠቅ፣ አደጋም ሳይደርስባቸው የካዱትን ማለት ነው። ምሕረት የሚገባቸው ባይሆኑም ምሕረት ይደረግላቸው አሉ። የወሰኑት የንስሐ ቀኖና በድምሩ 12 ዓመት ነው። ከባድ ነው፤ መጨረሻ ግን አለው። እርስዎ ከተመለሱ ከ30 ዓመት አልፎዎታል። ማንም ያልጫነብዎትን፣ ማብቂያ የሌለው ቀኖና ራስዎ በራስዎ ላይ ጥለው ተሸክመው ኖረዋል።

ለምን አልተናገሩትም? እንደምገምተው ምክንያቱ ክህደት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። የእኛ ሰው የንስሐ አባቱን እንደ ቤተ ዘመድ ነው የሚይዘው። ቡና ላይ ይመጣሉ። ልጅ ይባርካሉ። ተዝካር ላይ ይቀመጣሉ። መልካም ባህል ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን ሶፋዎ ላይ ተቀምጠው ጠላ ለሚጠጡ አባት፣ ልጆችዎ ጓዳ ሆነው እየሰሙ፣ «እግዚአብሔር የለም ብዬ ነበር» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሰዉ «አባቴ፣ በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን ይፍቱኝ» ብሎ በደፈናው ያልፋል። እርስዎም እንደዚያ ያደረጉ ይመስለኛል። ቀጠሮ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ። ብቻዎን ይናገሩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናገሩትን ቃል ሳይቀር ይጥሩት። ካህኑ የሰሙትን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። እሳቸው ፊት በፍጹም አልችልም ካሉ፣ ሌላ አባት መያዝ ይቻላል፤ ግን ለቀድሞው ነግረው፣ በእሳቸው ፈቃድ ይሁን።

ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታን የካደው የፍም እሳት እየሞቀ ነው። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው በባሕር ዳር፣ እንደገና ፍም ባለበት ነው። ሦስተኛው ላይ ጴጥሮስ አዘነ ይላል ወንጌሉ። ቁስሉ በስሙ ሲነካ ያማል። እርስዎም ያመዎታል። ከዚያ በኋላ ግን አባ «ይፍታህ» ካሉ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንደገና ራስዎን አይክሰሱ። የተፈታን መልሶ ማሰር ትሕትና አይደለም።

ስለ ሰውነትዎ። ነቢዩ ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለምኖ ነበር። መልአኩ በመጀመሪያ ምንም ትምህርት አልሰጠውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው። እንዲተኛ ተወው። እንደገና ቀስቅሶ መገበው። የእግዚአብሔር ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም በዚህ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። ሌሊት ሳይነጋ መንቃት፣ ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት፣ ራስን መውቀስ ድባቴ የሚባለው ሕመም የታወቁ ምልክቶች ናቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆዩ ሐኪም ማየት አለበት። ከዚህም ሌላ ለስኳር ብዙ ሰው የሚወስደው ሜትፎርሚን፣ ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን ሊያወርድ ይችላል። የቢ12 ማነስ ደግሞ ድካም፣ የእግር መደንዘዝ፣ መርሳትና የስሜት መውረድ ያመጣል። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታያሉ፤ ሁለቱም ይታከማሉ። እምነቴ ደረቀ ብለው ሲያለቅሱ ቆይተው፣ ችግራቸው ግማሹ ደማቸው ውስጥ የተገኘ ሰዎች በሥራዬ አጋጥመውኛል።

ጾሙን በተመለከተ እራስዎን አያሰቃዩ። ቤተ ክርስቲያን ታማሚን አታስገድድም። የስኳር መድኃኒት ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ስኳሩን በድንገት አውርዶ ሰው ሊጥል፣ ሊገድልም ይችላል። ከንስሐ አባትዎ ፈቃድ ይጠይቁ፤ መድኃኒቱን ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ። ከጥሉላት መከልከል ይችሉ ይሆናል፤ ሰዓት ማቆየቱ ግን ይቅር። ጠበል ቢሄዱም መድኃኒትዎን አያቋርጡ። አቋርጡ የሚል ሰው ካለ አይስሙት፤ ማንም ይሁን።

አንድ ነገር በቀጥታ ልጠይቅዎ። «ጌታ ሆይ ውሰደኝ» ማለት ብዙ የደከመ አረጋዊ የሚለው ነው። ራስን ስለ መጉዳት ማሰብ ግን ሌላ ነው። ይህ ሐሳብ ከመጣብዎ፣ በዚያው ቀን ለልጅዎ ወይም ለቅርብ ሰው ይናገሩ፤ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ምንኩስናው ላይ መልሴ አሁን አይሆንም ነው። መንገዱ ክቡር ነው። ባል ወይም ሚስት ሲያርፍ ቆብ መድፋት በአገራችን የቆየ ነው፤ ከተማ ውስጥ በቤታቸው እየኖሩ የመነኮሱ አባቶችና እናቶችም አሉ። ግን እርስዎ የሚፈልጉት ገዳሙን ነው ወይስ ከዚህ ቤት መውጣትን? የቀትሩ መንፈስ የመጨረሻ ምክር «ተነሣና ሂድ» እንደነበር ያስታውሱ። ገዳም ውስጥ ሌሊቱ አያጥርም፤ ብርድ ልብሱም ይቀጥናል። ስኳርዎን የሚከታተል ሐኪም በቅርብ ላይኖር ይችላል። ያልተናዘዙት ነገርም አብሮዎት ይገባል። ገዳማቱም ቢሆኑ የመጣን ሁሉ ወዲያው አያመነኩሱም፤ አመክሮ አለው፣ የንስሐ አባት ፈቃድም ይፈልጋል። ከዓመት በኋላ፣ ጤናዎ ተስተካክሎ፣ ንስሐው ተፈጽሞ ሐሳቡ ካለ፣ ያኔ በሰላም ይነጋገሩበታል።

ጎረቤቶችዎን ግን ዓመት መጠበቅ አያስፈልግዎትም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲፈርስ የሄደው ቤት ብቻ አልነበረም። «ዛሬ ኪዳን ላይ አላየሁህም» የሚል ሰው ነው የሄደው። መጽናት በእኛ ባህል ለብቻ የሚሠራ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ዕድሩ፣ ሰንበቴው፣ ጽዋው ነው ሰውን አቁሞ የሚያኖረው። ብቻዎን ቀርተው ብቻዬን መቆም አቃተኝ ማለትዎ ሊያሳፍርዎ አይገባም። ከተበተኑት መካከል ሁለት ሦስቱን ስልክ ይደውሉላቸው። በወር አንድ ቀን፣ በ23፣ አራዳ ጊዮርጊስ እንገናኝ ይበሏቸው። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሻይ ጠጥታችሁ ተለያዩ። ሰፈሩ ቢፈርስም የአድዋን ድል የሚያስታውሰው ደብር እዚያው ነው። የመኪናው መንገድ ቢለወጥባቸውም ጉልላቱን አይተው ይመጣሉ።

የምመክርዎትን በቁርጥ ልናገር። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ቢ12 እና ታይሮይድ ይታይልኝ፣ እንቅልፌና ስሜቴም ተረብሿል ይበሉ። በዚህ ወር ንስሐውን በስሙ ጠርተው ይጨርሱ። ጸሎቱን ያሳንሱት። በቀን አንድ መዝሙር ይበቃዎታል፤ ከመዝሙር 70 ይጀምሩ፤ «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» የሚለው እዚያ ነው። ልብዎ ባይሞቅም ይድገሙት። ታላቁ እንጦንስ ራሱ በዚህ ዓይነት ጭንቅ ውስጥ ሳለ የታየው ራእይ ቀላል ነበር። አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፤ ተነሥቶ ይጸልያል፤ ደግሞ ተቀምጦ ይጎነጉናል። እንዲህ አድርግና ትድናለህ ተባለ። እርስዎም የእጅ ሥራ ይያዙ። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ አትክልት ማጠጣትም ይሆናል።

ቁጠራውን ደግሞ ከሌሊት ያንሡት። 8 ሰዓት ላይ ሲነቁ «ነገ ከሰዓት በኋላ እንቆጥራለን» ይበሉና አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ይተኙ። እንቅልፍ ባይመጣም አይቁጠሩ። ከሰዓት በኋላ፣ በብርሃን፣ ደብተር ይክፈቱ። ከልጆችዎ አንዱ አጠገብዎ ቢቀመጥ የተሻለ ነው። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ገጽ ይስጡ። 1969ን አሁን አይንኩት፤ እሱ የንስሐ አባትዎ ዘንድ ይሄዳል። ከባለቤትዎ ጋር ከቆረባችሁበት ቀን ይጀምሩ። የትኛው ደብር እንደነበር፣ ማን አብሯችሁ እንደመጣ፣ እሷ ምን ለብሳ እንደነበር ይጻፉ። የረሱትን ልጅዎ ይጨምርልዎታል።